ሰባተኛው ጥያቄ

ሰኞ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

አሥራ ስምንት ሰከንድ! ጋሽ ሳኒ ማንም ሳይደግፋቸው ከወንበር ተነሡ፣ ሦስት ሜትር ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰኔ ላይ ይህችኑ መንገድ በሠላሳ አምስት ሰከንድ ነበር የጨረሷት፤ ያውም ልጃቸው ዘይባ ብብታቸው ሥር ገብታ። ስቶፕዋቹ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ደግሜ በስልኬ ለካሁ። አሥራ ስምንት።

«ልጄ፣ ሽልማቱ ምንድን ነው?» አሉኝ እንደተቀመጡ።

«ነገም መሄድ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ በርበሬዬም ይፈልገዋል። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ነው ያረመልኝ፤ አረም የቱ በርበሬ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው።»

እናቴ ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቋት «ሽባ ታስኬዳለች» ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ እንደምትመሰክር አድርጋ። ቢያንስ እዚህ በትክክል ልጻፈው። ፊዚዮቴራፒ ከተመረቅሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከግንቦት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲያችን የዶክተር ካሳሁን ጥናት ረዳት ነኝ። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን የያዘባቸው ሃያ ሁለት ሰዎች እዚህ ቡታጅራ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ረቡዕ፣ በብረቶቹ መካከል መራመድ ይለማመዳሉ። ወልቂጤ ያሉት ሃያዎቹ ደግሞ የምክር ወረቀት ብቻ ተሰጥቷቸዋል፤ ማነጻጸሪያዎቻችን ናቸው። ሰኔ ላይ ሁሉንም ለካን፣ አሁን እንደገና እንለካለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ተአምር የለበትም።

ብረቶቹን የበየዳቸው አባቴ ነው። ከወልቂጤ ወርክሾፑ በአይሱዙ ተጭነው፣ በእምድብርና በአገና ጭቃ አልፈው መጥተው ወለሉ ላይ በሲሚንቶ ተተከሉ። ክፍሉ የጤና ጣቢያው ነው። ውጤቱ ካማረ የውጭ አጋሮቻችን ሁለት ዓመት ያስቀጥሉታል። ካላማረ መጋዘን ይሆናል።

ውጤቱ ደግሞ አማረ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

በችኮላ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰው። አሥራ አንዱም ፈጥነዋል። እማማ ሰፍያ ከአርባ አንድ ወደ ሃያ አራት። ዝናብ። ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው፤ ረዳቱ «የወልቂጤዋ ዶክተር፣ ትገቢያለሽ ወይስ እንለቅሻለን?» እያለ ነው። ዶክተር አይደለሁም አላልኩትም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26፣ ወልቂጤ

የወልቂጤዎቹን ጨረስን። እንደተጠበቀው ነው፤ ከሠላሳ አንድ ወደ ሃያ ዘጠኝ፣ ያም በአማካይ። ብዙዎቹ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ሰኔ ላይ በማስታወቂያ ሰዓት ቆሜ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ በአንድ እሁድ አሥራ ሰባት ሰው ተመዘገበልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ሦስት ሰዎች ያለ ምንም ልምምድ አሥር፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ቀንሰዋል። አቶ ሙስሊም፣ ወይዘሮ ናጃህ፣ ሌላ አንድ የሰፈራቸው ሰው። የስታቲስቲክስ ሠራተኛችን ኢዮብ የምክር ወረቀቱን አንሥቶ ሳመው። «አቦ፣ ይህቺ ወረቀት ተአምር ሠርታለች! ለዞኑ ሁሉ እናከፋፍላት።»

ቤተሰብ ቤት ውስጥ አለማምዷቸው ይሆናል። ትጉ ቤተሰብ ያላቸው ይመስሉኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ዶክተር ካሳሁን ዛሬ ሲስቁ ጥርሳቸውን አየሁ። ከሠላሳ አምስት ወደ አሥራ ዘጠኝ፣ የሃያ ሁለት ሰዎች አማካይ! ግራፉን ራሳቸው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። መስከረም 20 በሚደረገው የምርምር ጉባኤ ላይ ይቀርባል፤ አጋሮቹም ይመጣሉ። ከዞን የመጣ የኮሙኒኬሽን ሰው ካሜራውን ይዞ «በመቶኛ ስጡን፣ ሕዝቡ በመቶኛ ነው የሚገባው» ሲል ኢዮብ ከአፉ ነጥቆ «አርባ ስድስት!» አለው።

ዶክተር ሊወጡ ሲሉ ዞረው፣ «ሩት፣ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤሽን አስጀምሬያለሁ» አሉኝ። ከቢሮ እስከ ቤት ባጃጅ አልያዝኩም፣ እየሮጥኩ ነው የገባሁት። አባቴ የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ አቀፈኝ። «ብረቴ ሥራ ያዘ በይኛ!»

አገሪቱ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል ስንት ወረዳ ውስጥ ይተከላል? ሁሉም ወረዳ ውስጥ። ለምን አይተከልም?

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2፣ ቡታጅራ

ዘይባ ዛሬ አባቷን አስገብታ ኮሪደር ላይ የገበያ ጆንያዋን ስትቋጥር አገኘኋት። በርበሬ ነጋዴ ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ምላሷ ስል ነው። «አባትሽ ጉባኤ ላይ ሊነሡ ነው፣ ፎቷቸው በስክሪን ይታያል» ብዬ ነገርኳት።

ሳቀች። «ይታይለት። ያኔማ ጉድ አድርጋችሁት ነበር። በረመዳን ቀትር ላይ ጠርታችሁ ተነሥ፣ ተቀመጥ! የሚውጠው ምራቅ እንኳ የሌለውን ሰው።»

«ጋሽ ሳኒ ይጾሙ ነበር እንዴ?»

«ታዲያስ! አንቺ የት አገር ነው የምትኖሪው?»

«ሐኪሙ ከልክሏቸዋል እኮ። የቀን ክኒን አላቸው።»

«ክኒኑን ለሌሊት አዛወረው። ስልሳ ዓመት የጾምኩትን እግሬ ስለሰነፈች አልተውም አለ። ምን ላድርገው፣ አባቴ ነው። እሱ ብቻ መሰለሽ? እማማ ሰፍያስ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ጆንያዋን ለቀቀችው። «አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልን? የሐኪም ትእዛዝ ያላከበረ ከጥናቱ ይሰረዛል ብለሽ። ወላሂ፣ ማን ደፍሮ ይነግርሻል? ደግሞስ መቼ ጠየቅሽን?»

ጠይቄያለሁ። ቅጹ ላይ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። «ባለፉት አራት ሰዓታት ውስጥ ምግብ ወስደዋል?» ጠይቄያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ጠይቄያለሁ። አልሐምዱሊላህ ብለውኛል። አልሐምዱሊላህ ማለት በልቻለሁ ማለት አይደለም እንዴ? ሰው የሚለው ጠግቦ አይደል?

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4፣ ወልቂጤ

ሥራ ገበታ ላይ ነኝ፣ ኢዮብ ምሳ ወጥቷል። ቅጾቹን አወጣሁ።

ሃያ ሁለቱም ላይ «አዎ»። ምልክቷ የእኔ ናት፣ ጭራዋን ወደ ላይ የምትወረውር። ሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልተዋል፤ ሰባተኛው በአረንጓዴ ነው። ሃያ ሁለቱም። ሰማያዊው አልቆብኝ ይሆናል።

የወልቂጤዎቹንም አየሁ። እነዚያ ወረቀቷ ተአምር ሠራችላቸው ያልናቸው ሦስት ሰዎች ከሃያዎቹ መካከል ሙስሊሞቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ እንደ እኛ ቤት ቁርሳቸውን በልተው የመጡ ናቸው።

እንግዲህ አየሁት። አንዴ ካየሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ምንም አይታየኝም። ቡታጅራን የለካነው በመጀመሪያ በረሃብና በጥም፣ ክኒን በቀን ባልተዋጠበት፣ ሌሊቱን ባልተተኛበት ወር ነው። ሁለተኛውን ግን ጠግበው። የፈጠኑት በልምምዱ ነው ወይስ በምሳው?

ኢዮብ ተመልሶ መጣና «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለኝ። ቅጾቹን ከደንኩ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 6

ስድስተኛዋ ጳጉሜን። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ ቀን ናት፣ እውነት ብጽፍባት ማንም አይታዘበኝም።

ሰማያዊው አላለቀብኝም። አረንጓዴውን ኢዮብ የሰጠኝ ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ 3 ከቡታጅራ ስመለስ ደወለልኝ። «ሰባተኛውን ባዶ እንዳትተዪው። ባዶ ካለ ኮምፒውተሩ አይቀበለኝም፤ ቶሎ በይ።» ጋቢና ነበርኩ። ሚኒባሱ አገና ላይ ጎማ ሲቀይር ቅጾቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። እምድብር ሳንደርስ ጨረስኩ። ሃያ ሁለት አዎ።

ለምን ሰዎቹ ፊቴ ተቀምጠው ሳለ አልጠየቅኋቸውም? አንዱን ጠይቄያለሁ፣ ጋሽ ሳኒን፣ በመጀመሪያው ቀን። «ምሳ በልተዋል?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት መሬት አዩ። ነውር የሠራሁ መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቶቻችን በረመዳን ቀን ቤታችን ሲመጡ እናቴ ምግብ የሚባል ነገር ታነሣለች፤ ስለ መብላት አይወራም። እንዲህ ነው ያደግሁት። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም። አክብሬያቸው ነው።

በሽተኛ አይጾምም ብዬም ነው። ሃይማኖታቸውም ይፈቅድላቸዋል።

ግን ዳቦዬን የምበላው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበር። በየቀኑ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ከማን ነበር የምደበቀው?

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 2008

እንኳን አደረሰህ፣ ደብተሬ። ቤተ ክርስቲያን መጋቢው የአዲስ ዓመት ምስክርነት ሲጠይቅ እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ ተነሽ፣ ስለ ሽባዎቹ ተናገሪ ብላ። አልተነሣሁም። ቤት ስንገባ አኮረፈችኝ። ለአባቴ ብቻ ወርክሾፑ ውስጥ ነገርኩት።

የያዘውን ብረት አስቀመጠ። «ብየዳ ላይ» አለ በኋላ፣ «ስንጥቁን በቀለም ሸፍነህ ትሰጣለህ። የሚያይህ የለም። ግን በሩ ልጅ ላይ ሲወድቅ ያው የአንተ በር ነው።» ቀጥሎም «ክፍሉ ግን ይዘጋል፣ አይደል?» አለኝ።

ይዘጋል። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 3

ነገርኳቸው። የጎማ ቅያሪውን ጭምር። ዶክተር ካሳሁን ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«በውስንነቶች ሥር አንድ መስመር እንጨምራለን» አሉ።

«አንድ መስመር አይበቃም፣ ዶክተር። ካገኘነው ውጤት ስንቱ የልምምዱ፣ ስንቱ የጾሙ እንደሆነ አናውቅም።»

«ልምምዱ እንደሚጠቅም አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አምናለሁ። ማወቅና ማመን አንድ ነው ብለው አላስተማሩኝም።»

ይህን ማለቴ አሁንም ይገርመኛል። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር። «ክፍሉ ሲዘጋ ሃያ ሁለት ሰዎች ቤታቸው ተኝተው ይቀራሉ። ሄደሽ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ። ሌላም ንገሪያቸው። ልኬቱን ሳንጀምር ሐምሌ አጋማሽ እስኪያልፍ እንቆይ ስል፣ ማን ነበረች በሽተኛ አይጠብቅም ብላ ሦስት ቀን በሬ ላይ የቆመችው?»

ይህችን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። እኔ ነበርኩ።

ኢዮብ በረንዳ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «ሩትዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? ቁጥሩ ቆንጆ ነው፣ ተዪው ይኑር።»

«ልታገባው ነው እንዴ?»

«ቀልዱን ተዪ። ቋሚ ቅጥር እኮ ነው። በዚህ ዘመን!»

ረቡዕ፣ መስከረም 5፣ ቡታጅራ

ከዘይባ ጋር ቤት ለቤት ጀመርን። «እኔ ካልገባሁ አይነግሩሽም» አለች፤ ልክ ነበረች። ሰላምታ ትሰጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ ከዚያ «ይህቺ ልጅ ጥፋቷን ልትነግራችሁ ነው የመጣችው» ትልና ትተወኛለች። በየቤቱ። በየቤቱ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እማማ ሰፍያ ልጃቸው አጠገባቸው ስለነበር «እኔ? ሐኪም ከልክሎኝ!» አሉ። ልንወጣ ስንል እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ሠላሳውንም ቀን። እንዳትነግሪው።»

ቅዳሜ፣ መስከረም 8

ከሃያ ሁለቱ አሥራ ሰባት ጾመዋል። አሥራ ሰባት! አምስቱ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ሌላ ያልጾመ የለም።

መጨረሻ የገባነው ጋሽ ሳኒ ቤት ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ተናደዱ፤ በቅጹ አይደለም፣ በሌላ። «እኔ በምሳ ነው የቆምኩት ልትዪኝ ነው? ከብረቱ ጋር ሁለት ወር ስታገል አላየሽኝም?»

«አይቻለሁ ጋሼ። ግን ማስረዳት አልችልም።»

«ለምን አትችዪም? እርጥብ በርበሬ ከደረቅ ጋር አስተያይተሽ መዝነሽ ነው እኮ የተሳሳትሽው። እርጥቡን ከእርጥቡ፣ ደረቁን ከደረቁ። ረቡዕ የአረፋ ዋዜማ ነው፣ እጾማለሁ። ያኔ ጾሜን ለካሽኝ፣ አሁንም ጾሜን ለኪኝ!»

ዘይባ «አባ!» አለች። ይህ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«ሐኪሙ አይጹሙ ብሎዎታል» አልኩ።

«ሐኪሙንም አንቺንም ፍቀዱልኝ አላልኩም።»

ረቡዕ፣ መስከረም 12፣ ቡታጅራ

ማንንም ጹሙ አላልኩም። ይህ ይመዝገብልኝ። የሐኪም ትእዛዝ ያለው እንዳይጾም ሰኞ ዕለት ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ግን አሥራ ሁለት ሰው እንደሚጾም ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ ዛሬ ዘጠኝ ብቻ ጾመው ሲመጡ ደግሞ ቅር አለኝ። እሱስ ይመዝገብ?

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልክ እንደ ሰኔው። ዶክተር አያውቁም። ለማንም አላሳወቅሁም።

ጋሽ ሳኒ ሃያ አምስት ሰከንድ። ጠግበው አሥራ ስምንት ነበሩ፤ ጾመው በሰኔ ሠላሳ አምስት። ስለዚህ አሥሩ ሰከንድ የራሳቸው ነው፣ የላባቸው! ሲቀመጡ ቁጥሩን ነገርኳቸው። «ሰማሽ ዘይባ? አሥሩ የእኔ ነው!» ብለው ጮኹ። በስምንቱም እንዲሁ ነው፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰከንድ ይቀንሳል። ልምምዱ ይሠራል። ካልነው ከግማሹ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን ይሠራል!

ስምንቱ ያልኩት ዘጠነኛዋ እማማ ሰፍያ ስለሆኑ ነው። ዞረው ሲመለሱ ብረቱን ያዙና ተቀመጡ። አልወደቁም። ቀስ ብለው ነው የተቀመጡት፣ መሬት ላይ። ዘይባ ሮጣ ውኃ አመጣች፣ እኔ ራሳቸውን ቀና አድርጌ አጠጣኋቸው። ሲነቁ መጀመሪያ ያዩት ኩባያውን ነው።

«አራት ሰዓት ብቻ ቀርቶኝ» አሉ። «አራት ሰዓት ብቻ ቀርቶኝ ጾሜን አስፈታሽኝ።»

ያለቀሱት ስለ መውደቃቸው አልነበረም።

አልወደቁም።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

አረፋ። ለዘይባ ደውዬ እንኳን አደረሳችሁ አልኳት፣ እማማ ሰፍያ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኋት። «ደኅና ናቸው። ስምሽን ሳነሣ ግን ፊታቸውን አዞሩ።» ወድቀዋል። ስቶፕዋቹ እጄ ላይ ስለነበር አንድ እጄን ብቻ ነው የዘረጋሁት፤ አልደረስኩም። ስቶፕዋቹን አልጣልኩትም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 15፣ ወልቂጤ

የአረፋውን ወረቀት ለዶክተር ካሳሁን ወሰድኩ። ስለ እማማ ሰፍያም ነገርኳቸው። ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ። «ዘጠኝ ሰከንድ ገደማ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ይህ እኮ ትንሽ አይደለም።» ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ። «ያለ ፈቃድ፣ ያለ ሐኪም፣ ጾመኛ በሽተኛ። ሩት፣ ይህን ወረቀት ልጠቀምበት አልችልም። አንቺም አትችዪም። ሴትዮዋ ዳሌያቸው ቢሰበርስ?»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያቃጠለኝ።

«እሺ፣ የኔን ወረቀት ይጣሉት» አልኩ። «ያኛውንም ግን ይጣሉት። ሁለቱም ጥፋት አለባቸው።»

«መስመሩን ጨምሬያለሁ። ጉባኤው ላይ ማይክ አቀባይ አንቺ ነሽ፤ በሰዓቱ ተገኚ።»

ሰኞ፣ መስከረም 17

መስቀል። ዩኒቨርሲቲው ባዶ ነው፣ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ያለው ጉራጌ ሁሉ አገር ቤት ገብቷል፣ መንገዱ ጥሩንባ ብቻ። የዘመድ ብዛት። ሁሉም «ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 20

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመድረኩ በላይ ስለ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሚያወራ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ጋሽ ሳኒ በስክሪኑ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከሠላሳ አምስት ወደ አሥራ ዘጠኝ፤ ጭብጨባ። መስመሩም ነበረች፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል፦ «የአመጋገብ ሁኔታ በሙሉ አልተመዘገበም።» ከኋላ ወንበር የሚያነባት ሰው አልነበረም።

እኔ በወንበሮቹ መካከል ማይክ አመላልሳለሁ። የመጀመሪያው ጠያቂ አመሰገነ። ሁለተኛው የዞኑ ሰው ነው፣ «በመቶኛ ቢገለጽልን» አለ። ሦስተኛው የለም። ሰብሳቢዋ «ሌላ ጥያቄ ከሌለ…» አሉ። ማይኩ እጄ ላይ ነው። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል።

«እኔ አለኝ» አልኩ። ድምፄ በአዳራሹ ሁሉ ሲያስተጋባ ራሴው ደነገጥኩ። «ሩት ወልደአማኑኤል እባላለሁ። ልኬቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የቡታጅራው የመጀመሪያ ልኬት የተወሰደው በየትኛው ወር ነው?»

ዶክተር ካሳሁን አዩኝ። ሁለት ነገር ነበር የጠበቅሁት፦ አስወጧት ይላሉ፣ ወይ ሰኔ ይላሉ። ሰኔ ቢሉ ውሸት አይሆንም ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። «በረመዳን» አሉ። «ከሃያ ሁለቱ አሥራ ሰባቱ ጾመኞች ነበሩ። ጠያቂዋ አስቀድማ ነግራኛለች። እኔ አንድ መስመር አደረግሁት።»

«የመብላቱን ጥያቄ ሳልጠይቅ የሞላሁት ግን እኔ ነኝ» አልኩ፣ አሁንም በማይኩ። «ሃያ ሁለቱንም። ሚኒባስ ውስጥ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላ ሰው «እስስ!» አለው። ሰብሳቢዋ ቁጥሩ ከጉባኤው መዝገብ እንዲወጣና ጥናቱ እንደ አዲስ እንዲሠራ አዘዙ። ከሰዓት በኋላ የቀረውንም ሰማሁ፦ አዲሱ ጥናት እስኪፈቀድ ክፍሉ ለጤና ጣቢያው ይመለሳል። የእኔ ኮንትራት መስከረም 30 ያበቃል፣ አይታደስም።

ኢዮብ ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ሼም ነው ሩት። ሥራሽን በገዛ ማይክሽ!»

«ማይኩ የዩኒቨርሲቲው ነው።»

ዶክተር በአጠገባችን ሲያልፉ ቆሙ። «አዲሱን ቅጽ ስጽፍ ሰባተኛውን ጥያቄ አንቺ ታርሚዋለሽ» አሉኝ፣ ሳይስቁ። አላውቅም፣ ይቅርታ ነው ወይስ ቅጣት።

ለእናቴ ስነግራት ስለ ቅጥሩ አንድ ቃል አልወጣትም። «ታዲያ ሽባዎቹስ?» ነው ያለችው።

አልቆጭም። ማይኩ አሁንም እጄ ላይ ቢሆን እደግመዋለሁ። ሽባዎቹስ? እሱን ግን አላውቅም።

ሰኞ፣ መስከረም 24፣ ቡታጅራ

ማንም እንዳይመጡ አልነገራቸውም ነበርና አሥራ አራቱ መጥተዋል። ልነግራቸው ነው የሄድኩት፤ እኔ እነግራቸዋለሁ ብያለሁና። ኮሪደሩ ላይ የጤና ጣቢያው የንብረት ክፍል ሠራተኛ በጋሪ ካርቶን ደርድሮ ይጠብቃል፣ ቁልፉን እያሽከረከረ። ትሑት ሰው ነው። «ጨርሺ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ።

በብረቶቹ መካከል ቆሜ ነገርኳቸው። የሞላሁትን፣ ጉባኤ ላይ ያልኩትን፣ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘን መሆኑን። ይህ የሆነው በእኔ እንደሆነ።

«እኛም ዋሽተናል» አሉ ጋሽ ሳኒ። «አንቺ ሳትጠይቂ ጻፍሽ፣ እኛ ሳንናገር ዝም አልን። እኩል ነን። አሥሩ ሰከንድ ግን የእኔ ነው፣ እሱን ማንም አይሰርዘውም።»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። አዲሱ ጥናት እስኪመጣ ግን…»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አላውቅም።»

ሠራተኛው የመጀመሪያውን ካርቶን ይዞ ገባ። ያኔ ነው እማማ ሰፍያ የተነሡት። ከአረፋ ዋዜማ ጀምሮ አላናገሩኝም፤ ዛሬም ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ነው የመለሱት። በትራቸውን ለዘይባ ሰጡ፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ እግር በእግር መሐል ላይ ደረሱ። ዘይባ ወንበር አስጠጋችላቸው። እዚያው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ተቀመጡ።

«ካርቶንህን እዚያ ጥግ አድርገው» አሉት። «ክፍሉ ሰፊ ነው።»

«እማማ፣ ሙሉውን ነው የታዘዝኩት። ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዙን የጻፈው ሰው ይምጣና ያንሣኝ። ለመነሣት ጊዜ ይፈጅብኛል፣ ይህቺ ልጅ ታውቃለች። ይታገሠኝ።»

ጋሽ ሳኒ ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ጎትተው ከብረቱ በስተቀኝ ተቀመጡ። ሌላ ሰው በስተግራ። ወንበር ሲጎተት፣ በትር ሲንኳኳ፣ «ቦታ ልቀቅልኝ»፣ «አንተ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር!» ሲባባሉ፣ አሥራ አራቱም አባቴ የበየዳቸውን ብረቶች ከበው ተቀመጡ።

ሠራተኛው ካርቶኑን እንዳቀፈ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ። የዩኒቨርሲቲው ሰው አንቺ ነሽ።»

እማማ ሰፍያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ቀርቶ ነበር። ጎትቼ አመጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።